መግቢያው በአንድ ማታ፣ መውጫው በሦስት ሳምንት

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ካለው ቤቴ መስኮት እንጦጦን ሳይ ዓይኔ ሳያስበው "ራስና ትከሻ" ይፈልጋል። ቻርት ሲበዛ እንዲህ ያደርጋል! ሰሞኑን ይህን ቅርጽ ፈልጎ በራሱ የሚገበያይ ኮድ እየጻፍኩ ነው (በልምምድ አካውንት)። የመግቢያውን ክፍል በአንድ ማታ ጨረስኩ። መውጫው ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

እ.ኤ.አ. በ1983 ቺካጎ ላይ ሪቻርድ ዴኒስና ዊሊያም ኤክሃርት "ነጋዴ ይሠለጥናል ወይስ ይወለዳል?" ብለው ተከራከሩና ሰዎች መርጠው አሠለጠኑ፤ "ኤሊዎች" አሏቸው። ከደንቦቻቸው አንዱ፦ ዋጋው የ20 ቀን ጣሪያውን ሲሰብር ግዛ፣ የ10 ቀን ወለሉን ሲሰብር ውጣ። ከገዛህበት ዋጋ የአማካይ የቀን መዋዠቁን እጥፍ ያህል ከወረደ ግን ወለሉን አትጠብቅ። ኮዱ ጥቂት መስመር ነው፤ መከራው መታዘዙ ላይ ነው። ማሽን ደግሞ ይታዘዛል።

ግን መውጫ ገዢ ይፈልጋል። እኛም አገር እኮ ከእ.ኤ.አ. 1965 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ አክሲዮን የሚገበያይ ቡድን ነበር። አብዮቱ መጣ፤ ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ባንኮችና ኢንሹራንሶች ተወረሱ። አክሲዮን በእጁ የቀረበት ሰው የ10 ቀን ወለል ምን ይሠራለታል? የሚገዛው የለማ!

ስለዚህ ኮዴን ሁለት ቦታ ቀየርኩ። የማቆሚያ ትእዛዙ የሚቀመጠው ደላላው ሰርቨር ላይ ነው፤ የካ መብራት ሲጠፋ የእኔ ላፕቶፕ አይታመንም። የምገዛው መጠንም በሩ ጭራሽ ቢዘጋ እንኳ የማያከስረኝ ያህል ነው። ጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሲመረቅ ሰው ሁሉ "ምን ልግዛ?" ይል ነበር። እኔ የጠየቅኩት "ልሸጥ ስል በቀን ስንት ገዢ አለ?" ብዬ ነው።