ኤሲው የሞተው በብርድ ነው

አባዬ መኪና ሲነዳ ሁለት ነገር አያደርግም። አይዘፍንም፣ ኤሲ አይከፍትም። ዘፈኑን ተዉት፣ ድምፁን ብትሰሙት እናንተም ታመሰግኑት ነበር። ኤሲውን በተመለከተ ግን መልሱ ሁሌ አንድ ነው፤ "ማርቆስ ላይ ኤሲ ምን ይሠራል? መስኮቱን ዝቅ አድርጊና የጮቄን አየር ጠጪ!" እውነቱን ነው። ከተማችን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ሐምሌን በጋቢ የምናሳልፍባት አገር ናት።

ችግሩ ከማርቆስ አዲስ አበባ ለመሄድ አባይ በረሃን ማቋረጥ ግድ መሆኑ ነው። ደጀን ላይ ጃኬት ለብሳችሁ ትነሳላችሁ፤ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዳችሁ ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ሸሚዛችሁ ጀርባችሁ ላይ ተለጥፏል። ከዚያ ደግሞ ያንኑ ያህል ሽቅብ ወደ ጎሃ ጽዮን።

የዛሬ ሁለት ዓመት በሚያዝያ እማዬን ለሐኪም ቀጠሮ ይዘናት ስንሄድ በረሃው ውስጥ የገባነው ቀትር ላይ ነበር። እማዬ አስም አለባት። መስኮት ስንከፍት የከባድ መኪና ጭስና አቧራ፣ ስንዘጋ ምድጃ። አባዬ በስንት ዘመኑ ኤሲውን ከፈተ። የወጣው ነገር የሰው ትንፋሽ ነው የሚመስለው። እማዬ የምትስበውን መድኃኒት ሁለቴ፣ ሦስቴ ሳበች። ማውራት ስታቆም አባዬም እኔም ዝም አልን። ጎሃ ጽዮን ደርሰን ቀዝቃዛው አየር ፊቷን ሲነካው "ውሃ ስጡኝ" አለች፤ እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝ ቃል የለም።

የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው፣ ስለ መኪና የማውቀው በር መክፈትና መዝጋት ነበር። ነገር ግን ተናደድኩ፤ ስናደድ ደግሞ አነባለሁ።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ቃላቱን ነው። እስቲ የመኪና ዕቃ ስም ጥሩ፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ኮፈን፣ ቺንጋ፣ ቸርኬ። ሁሉም ጣልያንኛ ነው። ኤሲው ጋ ስትደርሱ ግን ኮምፕሬሰር፣ ኮንደንሰር፣ ድራየር... እንግሊዝኛ ሆኖ ቁጭ! ምክንያቱ ቀላል ይመስለኛል። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. መጥቶ በ1933 ሲባረር ኤሲ ያለው መኪና ገና ዳዴ እያለ ነበር። ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በፋብሪካ የተገጠመ ኤሲ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1940 ሞዴሉ ነው። ማሽኑ የኋላውን የዕቃ መጫኛ ሲይዝ፣ ማጥፊያ የሚባል ነገር አልነበረውም። በርዶኛል ያለ ሰው ሞተሩን አጥፍቶ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ቺንጋውን መፍታት ነበረበት። (አባዬ ይህን ስነግረው "እኔማ እድሜ ልኬን ፈትቼው በኖርኩ" አለኝ።) ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ወጣ።

ከዚህም በላይ የገረመኝ የማሽኑ ጥንተ ነገር ነው። ዊሊስ ካሪየር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1902 ዘመናዊውን አየር ማቀዝቀዣ ሲነድፍ ሰው ሞቀኝ ብሎት አልነበረም። ብሩክሊን ውስጥ አንድ ማተሚያ ቤት ወረቀቱ በእርጥበት እየተለጠጠና እየተሸበሸበ ቀለም በቀለም ላይ አልገጥም ብሎ ተቸግሮ ነበር። የተፈለገው ውሃውን ከአየሩ ላይ መውሰድ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ቀጥሎ ጋዙ። በድሮዎቹ ማቀዝቀዣዎች ውስጥ ይዞር የነበረው አሞኒያና ሰልፈር ዳይኦክሳይድን የመሰለ መርዝ ነው፤ ቢያፈተልክ ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ1930 ቶማስ ሚጅሊ የተባለ ተመራማሪ አር-12 የተባለውን አዲሱን ጋዝ በሳይንቲስቶች ፊት ወደ ሳንባው ሳበና መልሶ እፍ ብሎ ሻማ አጠፋበት። አይመርዝም፣ አይቃጠልም ማለቱ ነው። ሰው አጨበጨበ። እ.ኤ.አ. በ1974 ሞሊናና ሮውላንድ ይኸው ጋዝ ሽቅብ ወጥቶ የኦዞን ሽፋንን እንደሚበላ ጻፉ፤ በ1980 ዓ.ም. መስከረም የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ ኢትዮጵያም በ1987 ዓ.ም. ገባችበት። አዳዲስ መኪኖች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ወደ አር-134ኤ ዞሩ። እሱም ኦዞንን ባይነካ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሺህ እጥፍ በላይ ይከፋል፤ ስለዚህ የ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የኪጋሊ ማሻሻያ እሱንም እያስቀነሰው ነው።

የአባዬ ኮሮላ የተሠራችው በሁለቱ ጋዞች መሸጋገሪያ ላይ ነው። ከአር-12 ወደ አዲሱ ጋዝ የሚቀየር መኪና ዘይቱም አብሮ መቀየር አለበት፣ የድሮው ዘይት ከአዲሱ ጋዝ ጋር ስለማይዋሃድ ኮምፕሬሰሩ በደረቁ ይሠራል። ይህን ማን ነገረን? ከዚያ ጉዞ በኋላ የወሰድነው የመጀመሪያው ጋራዥ "ጋዝ አልቋል" ብሎ ሞላ፣ ብር ተቀበለ። ሦስት ሳምንት ቀዘቀዘ። መልሰን ወሰድነው፤ "ጋዝ አልቋል"። ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም! ዝግ ቱቦ ውስጥ ነው የሚዞረው። ካነሰ ወጥቷል፣ ከወጣ ቀዳዳ አለ።

ሦስተኛው ሰው ማርቆስ ውስጥ ያለ አንድ ጋሼ ነው። ጋዝ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ሞተሩን አስነስቶ ኤሲውን አስከፈተኝና ጆሮውን ጣል አደረገ። የኮምፕሬሰሩ ፍሪሲዮን "ጠቅ" ብሎ ያዘ። ቺንጋውን በጣቱ ጫን ጫን አደረገ። ከራዲያተሩ ፊት ያለውን ኮንደንሰር በባትሪ አየና ሳቀ። "ልጄ፣ ይህ መኪና ነው ወይስ አውድማ?" የጤፍ እብቅና አቧራ ደፍኖታል። ቀስ ብሎ በውሃ አጠበው። ማራገቢያው ደግሞ አይዞርም፣ ፊውዙ ተቃጥሏል። ዳገት ላይ በአንደኛ ማርሽ ስትሄዱ ንፋስ አይገባም፤ ማራገቢያው ከሌለ ሙቀቱ የትም አይወጣም።

ከዚያ በጣቱ የኮምፕሬሰሩን አፍንጫ ነካና አሳየኝ፤ ዘይት። የሳሙና ውሃ ቀባው፣ አረፋው ቀስ እያለ አበጠ።

"አባትሽ ኤሲ ይከፍታል?"

"ኧረ በጭራሽ።"

"እኮ! ዘይቱ የሚዞረው ጋዙ ሲዞር ነው። ወራት ሙሉ ካልተከፈተ ማኅተሙ ይደርቃል፣ ከደረቀ ያሾልካል። የደገኛ ኤሲ ሁሉ በሽታው ይኸው ነው።"

ማኅተሙንና ድራየሩን ቀየረ፣ ዘይቱን አስተካከለ፣ አየሩን በፓምፕ ስቦ አወጣ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስተማረኝ ነገር አለ። ማርቆስ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻ በሩብ ያንሳል። ስለዚህ መጽሐፉ ወደ 30 ኢንች ድረስ ሳብ የሚለው ፓምፕ እኛ ጋ 22 ላይ ይቆማል፤ ያላወቀ "ፓምፑ ተበላሽቷል" ብሎ ይጥለዋል። የጋዙ ጌጅ ደግሞ ወደ 4 ፒኤስአይ ያህል ጨምሮ ያነባል፣ የጎደለውን ያልጎደለ ያስመስላል። ጋሼ ጌጁን አላመነም። ጋዙን በሚዛን መዝኖ ሞላው።

"በሳምንት አንዴ አሥር ደቂቃ ክፈቱት፣ ብርድም ቢሆን" ብሎ ሸኘኝ። አባዬን ለማሳመን ከጋራዡ ይልቅ ቤት የፈጀሁት ጊዜ ይበልጣል። በመጨረሻ ያሸነፈልኝ ካሪየር ነው። ሐምሌ ላይ ዝናብ እየወረደ፣ መስታወቱ ከውስጥ ጉም ለብሶ፣ አባዬ በጨርቅ እየጠረገ ሲነዳ ኤሲውን ተጫንኩት። ገና አፉን ሳይከፍት መስታወቱ ከታች ወደ ላይ መጥራት ጀመረ።

"ምን አደረግሽው?"

"ወረቀት አደረቅኩ" አልኩት።

ባለፈው ሚያዝያ እንደገና ቀጠሮ ነበራት። አባይ ድልድይ ላይ እማዬ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሰብሰብ አድርጋ "አንተ ሰውዬ፣ በረደኝ እኮ" አለችው።