ትንሿ ጎማ በደብረ ዘይት መንገድ

የመኪና ታሪክ በአገራችን ሲተረክ ከቤተ መንግሥት ይጀምራል። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሊ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገባ፤ ዳግማዊ ምኒልክም ተሳፈሩበት። ይህ በየመጽሐፉ አለ። እኔ ግን ያደግኩት ሳሪስ፣ ጎሚስታ ቤት ውስጥ ነውና ሌላ ነገር ያሳስበኛል። ከዚያ ወዲህ የመጡት መኪኖች ጎማቸው ሲተነፍስ ማን ለጠፈው? መኪና ያስመጣው ሰው ስሙ ተጽፏል። መንገድ ዳር ተንበርክኮ ንፋስ ሲሞላ ዕድሜውን የጨረሰው ሰው ግን በታሪካችን ውስጥ የለም። ይህ ያንገበግበኛል።

ከመስቀል አደባባይ ተነስቶ በጎተራ፣ በንፋስ ስልክና በሳሪስ አልፎ ወደ ቃሊቲ የሚወርደው የደብረ ዘይት መንገድ ለዚህ ሙያ የተመቸ ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር የገባው በዚሁ በደቡብ በር ነው። ፋብሪካዎቹም እዚሁ ወገን ሰፈሩ፤ ሳሪስ ላይ አደይ አበባ ክር ፋብሪካ፣ ንፋስ ስልክ ላይ ቀለም ፋብሪካው። በ1960ዎቹ አዲስ ጎማ ፋብሪካ ተቋቁሞ ጎማ በከተማችን ይመረት ጀመር፤ ኋላ ማታዶር፣ ቀጥሎም ሆራይዘን የሚል ስም ጨምሯል። ከወደብ የሚመጣው ጭነት መኪና ደግሞ ቆላውን አቋርጦ ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ ይወጣል። ባሕር ጠለል ላይ ተለክቶ የተሞላ ጎማ፣ ሙቀቱ እኩል ከሆነ፣ እዚህ ሲለካ ከ3 ፒኤስአይ በላይ ጨምሮ ይገኛል፤ የውጪው አየር ስለሚሳሳ ነው። የመንገድ ዳር ጎሚስታ ይህን ያወቀው ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከመለኪያው ነው። አሮጌ የጭነት ጎማ አቁሞ በነጭ ቀለም «ጎሚስታ» ብሎ የጻፈ ሁሉ ሹፌሩን ቁልቁል ከመላኩ በፊት ሁለቴ ይለካ ነበር።

እኔን ያስተማሩኝ አጎቴ ናቸው፤ ጋሼ እላቸው ነበር። ከትልልቁ ጎማ ይልቅ የሚወዱት የቬስፓ ስኩተርን ነበር። «ልጄ፣ መጀመሪያ ቫልቩን እይ፤ ጎማውን ኋላ ታየዋለህ» ይሉኛል። ቬስፓን ፒያጆ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1946 በጣሊያኗ ፖንቴዴራ ሲያወጣው ንድፉን የሠራው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር። መንኮራኩሩን እንደ አውሮፕላን ማረፊያ እግር ባንድ ጎኑ ብቻ አስያዘው፤ ጎማ የተነፈሰበት ሰው እንደ መኪና ፈትቶ ትርፉን እንዲያስር። ቸርኬውም ሁለት ግማሽ ሆኖ በዳዶ የሚጋጠም ነው። ጎማውን በብረት መፈልቀቅ ሳያስፈልግ ካላማዳሪው ይወጣል።

ይህ ብልሃት የራሱ አደጋ ነበረው። ንፋሱ ሳይወጣ ግማሾቹን የሚያጋጥሙትን ዳዶዎች የፈታ ሰው ቸርኬው ፊቱ ላይ ሊፈነዳበት ይችላል። ስለዚህ ጋሼ ንፋሱ ሳይወጣ የማንንም እጅ ወደ ዳዶ አያስደርሱም፤ የቫልቩ ፍሬ ትፈታለች፣ ካላማዳሪው እስኪሟሽሽ ይጠበቃል፣ ከዚያ ነው ቁልፍ የሚነሳው።

ቫልቩ ራሱ የታጠፈ ነው። በስምንት ኢንች ቸርኬ ላይ የፍሬኑ ታምቡር ቅርብ ስለሆነ ቀጥ ያለ ቫልቭ የፖምፓ አፍ አያስገባም። የትንሿ ጎማ ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ነው። ስምንት ቁጥር ጎማ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 770 ጊዜ ያህል ትሽከረከራለች፤ የቤት መኪና ጎማ 500 እና ከዚያ ጥቂት በለጥ ያለ ጊዜ ይበቃዋል። ንፋሷ ካነሰ ደግሞ በየፍሬኑና በየነዳጁ ጎማዋ ቸርኬው ላይ ጥቂት ጥቂት እየተንሸራተተች ካላማዳሪውን ይዛው ትሄዳለች። ቫልቩ ግን በቸርኬው ቀዳዳ ተይዟል፤ መሄድ አይችልም። መጀመሪያ ይጋደማል፣ ቀጥሎ ነሐሱ ከካላማዳሪው ላስቲክ ጋር በተጣበቀበት እግሩ ላይ ይሰነጠቃል። እዚያ ቦታ ልጣፍ አይዝም። የተጋደመ ቫልቭ ያየ ሰው በዚያው ቀን ንፋሱን አውጥቶ፣ ካላማዳሪውን አቃንቶ እንደገና ቢሞላ ያተርፈዋል። ይህችን አንዲት ምልክት የሚያስተምር ሰው ስንት ካላማዳሪ ያድን ነበር!

ጋሼ የቸርኬውን ቀዳዳ ጠርዝ በሞረድ ያለሰልሱታል፤ ካላማዳሪውን ታልክ ፓውደር ይነሰንሱበታል፤ ቫልቩ ላይ ያለችውን ዳዶ ቸርኬው ድረስ አያጠብቋትም፤ ቫልቩ ትንሽ መንቀሳቀሻ እንዲኖረው። ሞልተው ሲጨርሱ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ቫልቩ አፍ ላይ ያሳርፋሉ። አረፋ ካወጣ ፍሬዋ ትቀየራለች። ይህች ፍሬ ያለችበት ቫልቭ የአውግስት ሽሬደር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1893 የባለቤትነት መብት የወጣበት። ለብስክሌት፣ ለቬስፓና ለአውቶሞቢል አንዷ ፍሬ ትሆናለች።

በደርግ ዘመን ነዳጅ በራሽን ሆነ፤ ዕቃም ጠፋ። ያን ጊዜ ከሞተ ካላማዳሪ ቫልቩን ከነእግሩ ክብ አድርጎ ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ በማስቲሽ በሌላው ላይ መትከል የተለመደ ነበር። ቀሪው ላስቲክ ለአህያ ጭነት ማሰሪያ ይሄዳል፤ የውጪው ጎማ በረባሶ ይሆናል። ቬስፓ ግን እየቀነሰ መጣ፤ የታጠፈ ቫልቭ የሚያውቅ እጅም ሥራ ፈታ።

እንደገና ሥራ የሰጠው ባጃጅ ነው። የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1960 ገደማ እስከ 1971 ድረስ በፒያጆ ፈቃድ ቬስፓ ይገጣጥም ነበር፤ ባለሦስት እግሩም ከዚያው ቤት የወጣ ዝርያ ነው። ስምንት ቁጥሩ ጎማ፣ ሁለት ግማሹ ቸርኬ፣ ያው ቫልቭ። ጀሞ፣ ሃና ማርያምና ለቡ ላይ ባጃጅ ሲበዛ ቸርኬውን ያለ ጭንቀት የከፈቱት በቬስፓ የሠለጠኑ ሰዎችና ደቀ መዛሙርቶቻቸው ነበሩ። ከፖንቴዴራ የወጣ ብልሃት በሕንድ ዞሮ ላፍቶ ሲደርስ የሚቀበለው እጅ ተዘጋጅቶ ጠበቀው፤ እኔ ይህን ከማንኛውም ሐውልት በላይ እኮራበታለሁ። ኮብልስቶኑ ላይ ሲነጥር የሚውል፣ ከልኩ በላይ ሰው የጫነ ባጃጅ ቫልቭ እንደሚበላ ያየ ያውቀዋል።

ዛሬ የሚመጡት ስኩተሮች አብዛኞቹ ካላማዳሪ የላቸውም። ቫልቩ ላስቲክ የለበሰ ሆኖ ቸርኬው ቀዳዳ ውስጥ በሳሙና ውሃ ተስቦ ይገባል። ፀሐይና ዕድሜ ያደርቁታል፤ በጣት ጎንበስ ሲደረግ ሥሩ ላይ ስንጥቅ ይታያል። ጎማ በተቀየረ ቁጥር እሱም አብሮ መቀየር አለበት፤ ዋጋው ከጎማው ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው፤ ሆኖም ደንበኛ «እሱ ይቆይ» ይላል፤ ጎሚስታውም ይተወዋል። እዚህ ላይ ጎሚስታው ዝም ማለት የለበትም። ክዳኗም ትፈለጋለች፤ የግንባታ አቧራ በሚያጨስበት ሰፈር ክዳን የሌለው ቫልቭ ፍሬው አሸዋ ይይዛል።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት ሞተር ሳይክል በከተማው ሲታገድ ብዙ ደንበኛ ጠፍቶ ነበር፤ ኋላ በፈቃድና በቁጥጥር ተመለሰ፤ አሁን ዕቃ አድራሾች ጎሚስታ ደጃፍ ይሰለፋሉ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ መኪና ማስገባት ከከለከለ ወዲህ ወሬው ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ ነው። ባለኤሌክትሪኩ ስኩተር ብዙ ጊዜ ሞተሩ የኋላው ቸርኬ ውስጥ ስለሆነ ቦታው ይጠባል፤ ቫልቩም ዳግመኛ ታጥፎ መጥቷል። የኋላ ጎማ ለማውጣት ግን ዳዶ ብቻ መፍታት አይበቃም፤ በመንኮራኩሩ ዘንግ ውስጥ የሚያልፈውን የሞተር ሽቦ መጀመሪያ መንቀል ያስፈልጋል። ሳሪስ ያሉት ልጆች ይህን እርስ በርሳቸው እየተጠያየቁ በመማር ላይ ናቸው።