ጥቁሪትና ቦቂት

ስሙኝማ ወገኖቼ፣ የሁለት ጊደሮችን ነገር ላውጋችሁ። አገሩ የሰሜን ሸዋ ደጋ ነው። ደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2800 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ውርጭ መስኩን የሚያነጣበት አገር። ገብሱ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጭዱ ተከምሮ ሰው ትንሽ አረፍ ያለበት ወቅት ነበር። ከጥምቀት በኋላ ወረዳው የእንስሳት ዐውደ ርዕይ ያዘጋጃልና ጊደር ያለው አንድ አንድ ይዞ ይቅረብ ተባለ።

አንዲት እማወራ ነበሩ፤ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ወተት እየሸጡ ልጆች የሚያሳድጉ ብርቱ ሴት። በጋጣቸው ሁለት ዲቃላ ጊደሮች ታስረዋል። ጥቁሪት ክብ፣ ወፍራም፣ ጠጉሯ የሚያብረቀርቅ፣ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ የሚያያት ናት። ቦቂት ደግሞ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ ረዘም ቀጠን ያለች፣ የዳሌዋ አጥንት ከሩቅ የሚለይ።

ጎረቤታቸው ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ሁለቱንም አዩና ፈረዱ። “ልጄ፣ ይሄማ ምን ያነጋግራል! ጥቁሪትን ይዘሽ ውጪ። ያቺኛይቱ ጠግባ የምታድርም አትመስል።”

ሽማግሌው ከብት አያውቁም ማለቴ አይደለም። ዕድሜ ልካቸውን በሬ መርጠው የገዙ፣ በጠመዱትም ያላፈሩ ሰው ናቸው። ነገር ግን ዓይናቸው የበሬ ዓይን ነው። ለእርሻ የሚመረጥ በሬ አንገቱና ትከሻው ይታያል፤ ለወተት የምትመረጥ ጊደር ግን የምትታየው ከወገቧ ወዲያና ከሆዷ በታች ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

በማግስቱ የማዳቀል ባለሙያው መጣ። መንደሩ “ዶክተር” ነው የሚለው፤ ቦት ጫማውን አጥልቆ፣ ቦርሳውን አንግቶ። “እንደምን ዋሉ እማማ?” ብሎ ሰላምታ ከሰጠ በኋላ፣ ወደ ጋጣው አልሄደም፤ መጀመሪያ የጠየቀው ደብተር ነበር። ልጃቸው የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ በአሮጌ ደብተሩ የኋላ ገጾች ላይ ከብቶቹ የተወለዱበትን ቀን፣ ኮርማ የፈለጉበትንና የተዳቀሉበትን ሁሉ ይጽፋል። ዶክተሩ ገለጥ ገለጥ አደረገና አንድ መስመር ላይ ቆመ።

“እማማ፣ ጥቁሪት መንታ ናት እንዴ?”

“አዎ ዶክተር። ወንድሟን አምና ለፋሲካ ሸጥነው።”

“ኮርማ ፈልጋ ታውቃለች?”

እናት ወደ ልጃቸው ዞሩ። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። “ቦቂት ሦስት ጊዜ ጮኻለች፤ ጽፌዋለሁ። ጥቁሪት ግን አንድም ቀን።”

ዶክተሩ ጓንቱን አጠለቀ። ጅራቷን ከፍ አድርጎ አየ፤ ብልቷ ትንሽ ነው፣ ከጫፉም ረዘም ያለ ጠጉር ወርዷል። ጎንበስ ብሎ ሆዷ ሥር ተመለከተ፤ ጡቶቿ የወይፈን ያህል እንኳ አልወረዱም። በእጁ ውስጧን ዳሰሰ። ዕድሜዋ ሃያ ወር ሊሆናት ነው፤ ማህፀኗ ግን አላደገም።

“እማማ፣ ይቺ መሲና ናት” አላቸው ቀስ ብሎ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ በደንብ ስሙኝ። ላም ወንድና ሴት መንታ ስታረግዝ የሁለቱ ጽንስ እንግዴ ልጅ ይገናኛል፤ የደም ሥራቸው ይያያዛል። ወንዱ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር በደም አድርጎ ወደ ሴቷ ያልፋል፤ የመራቢያ አካሏም ገና በማህፀን ሳለች እድገቱ ይሰናከላል። ከወንድ ጋር መንታ ሆነው ከሚወለዱ ጊደሮች ከመቶ ከዘጠና የሚበልጡት መካን ናቸው። መልኳ አያጣም፤ ትበላለች፣ ትወፍራለች፣ ታምራለች። የበላችው ሁሉ ሥጋ ይሆናል እንጂ ወተት አይሆንም።

እማወራዋ ብዙ አልተናገሩም። “ስንት ፉርሽካ!” ብቻ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ በዚያ ደጋ ፉርሽካ ከልጅ ጉሮሮ እየተቀነሰ የሚገዛ ነገር ነው።

ከዚያ ቦቂት ከጋጣ ወጣች። ዶክተሩ ከጎኗ ቆመ፤ ከትከሻዋ እስከ ጅራቷ ጀርባዋ ቀጥ ያለ መሆኑን አየ። መዳፉን ጎኗ ላይ አሳረፈ፤ የጎድን አጥንቶቿ ወደ ኋላ ያዘነበሉና የተራራቁ ናቸው፤ በመካከላቸው ጣት ይገባል። ጭድና ሣር የሚይዝ ሰፊ ሆድ የሚገኘው እንዲህ ካለ ጎድን ነው። ከመጨረሻው ጎድን በስተኋላ ቆዳዋን በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ ለቀቀው፤ ስስና ልል ነው፣ ወዲያው ተመለሰ። ወደ ኋላዋ ዞረ። ከጅራቷ ግራና ቀኝ ያሉት አጥንቶች ሰፋ ብለዋል፤ ነገ ስትወልድ ጥጃው አይጨነቅም። ቋንጃዎቿ አይነካኩም፤ ጋቷ ሲሞላ በእግሮቿ መካከል ቦታ ይኖረዋል። በመጨረሻ ተንበርክኮ ጡቶቿን ቆጠረ። አራት ናቸው፤ እኩል ተራርቀው የተሰደሩ፣ ትርፍ ጡት የሌለባቸው። ልጁን ጠርቶ በገዛ እጁ እንዲዳስሳቸው አደረገው። ይህን ያደረገበትን ልብ ወድጄዋለሁ፤ ነገ እዚያ ጋጣ ውስጥ የሚቀረው ልጁ ነውና።

ክብደቷን ለመገመት ከሻኛዋ በስተኋላ ደረቷን በሜትር ሲለካት 152 ሴንቲ ሜትር ሆነ። “ከዐውደ ርዕዩ በኋላ ኮርማ ስትፈልግ ጥሩኝ” አለ። ጊደር የምትዳቀለው አንዴ ስለጮኸች አይደለም፤ ካደገች ላም ክብደት ወደ 60 በመቶ ስትደርስ ነው።

“ታዲያ እስከዚያ ትንሽ እናወፍራት?” አሉ እማወራዋ።

“አይሆንም እማማ። ያለ ልክ አይቀልቧት።”

እኔም እላለሁ፤ አይሆንም! ዐውደ ርዕይ በተሰማ ቁጥር ጥጃና ጊደርን በፋጉሎና በአተላ የሚያሳብጥ ሰው አለ። ሴት ጥጃ ከሦስት እስከ ዘጠኝ ወር ባላት ጊዜ ከመጠን በላይ ከወፈረች ወተት የሚሠራው የጋቷ ክፍል በወጉ አያድግም፤ ቦታውን ስብ ይይዘዋል። ቦቂት ያንን ዕድሜ ብታልፍም ቢሆን፣ ቅልብ የሥጋ እንጂ የወተት ወዳጅ አይደለም፤ የወፈረች ጊደር ደግሞ ለመጽነስም ታስቸግራለች። ስለዚህ ድርቆሽ እንደ ልቧ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ በልኩ፣ አሞሌ የምትልሰው፣ ንጹሕ ውኃ። መኖዋ በድንገት አልተለወጠም።

ዝግጅቱ ከዚህ ወዲያ ቀላል ነበር፤ ትዕግሥት ነው የጠየቀው። ክትባቷን ሳምንታት ቀድማ ወሰደች፤ ከየአካባቢው የመጡ ከብቶች በሚገናኙበት ቦታ አፍተ ግርና የቆዳ ጉርብርብ በሽታ ይተላለፋሉ፤ መድኃኒቱም ኃይል የሚያገኘው በቆይታ ነው። የሆድ ትል መድኃኒት ጠጣች፤ መዥገሯ ተለቀመ። የረዘመው ሰኮናዋ ቀደም ብሎ ተስተካከለ፤ ዋዜማው ላይ ቢሆን ታነክስ ነበር። ልጁ በየማታው ከትምህርት ቤት ሲመለስ በገመድ እየሳበ እስከ ምንጩ ይወስዳታል። መጀመሪያ ትጎትተው ነበር፤ በኋላ ጎን ለጎን መሄድ ለመደች፤ ቁሚ ሲላት መቆም፣ ሰው ሲነካት አለመደንበር። ገላዋን የሚያጥባት እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ ሲበረታ፣ በለብታ ውኃና በሳሙና ነው፤ በዚያ ብርድ ጠዋት ማጠብ ሳንባዋን መፈታተን ነው።

ቀኑ ደረሰ። ሜዳው በሰውና በከብት ሞላ። አንዱ ባለጊደር ሌሊቱን ጨው አልሶ ውኃ አጠጥቷት ኖሮ፣ ሆዷ ተነፍቶ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። ለገበያ የለመዱት ዘዴ ነው፤ ገዢን ማታለል፣ እንስሳዋንም ማሠቃየት ነው። ዳኞቹ አዩና ከሰልፉ አወጧት። ደግ አደረጉ።

ቦቂት ተራዋ ሲደርስ ልጁ በእርጋታ አዞራት። ዳኛዋ ጀርባዋን፣ ጎኗን፣ ጡቶቿን አይታ ስትጨርስ ጠየቀችው፤ “አባቷ ማን ነው?”

ልጁ ደብተሩን ገልጦ የኮርማውን ቁጥር አነበበ። የቃሊቲው የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከል የሚያሰራጨው የኮርማ አባለዘር ሁሉ ቁጥር አለው፤ ያ ቁጥር ካልተጻፈ ጊደሪቱን ከገዛ አባቷ አለማዳቀላችንን በምን እናውቃለን? ዳኛዋ የእናቷን ወተት ጠየቀች፤ እሱም ተጽፏል። ከዚያ ሁሉ ተሰላፊ ደብተር ይዞ የመጣው ጥቂት ነበር።

ቦቂት ሁለተኛ ወጣች። አንደኛ የወጣችው በዕድሜ ታንሳት፣ በደረት ልኬት ግን ትተካከላት ነበር፤ ዳኞቹ የፈረዱት በዕድሜዋ ልክ ስላደገችው ነው፤ ፍርዱ ትክክል ነው። እማወራዋ አንድ ኩንታል መኖ ተሸልመው በአይሱዙ ተመለሱ። ጥቁሪት ለፋሲካ ተሸጠች፤ በገንዘቧም እናቷ የታወቀች አንዲት ሴት ጥጃ ተገዛች፤ ልደቷም በዚያው ደብተር ላይ ሰፈረ።

እናንተም በጋጣችሁ ከወንድ ጋር መንታ ሆና የተወለደች ጊደር ካለች፣ ሃያ ወር ፉርሽካ ሳታበሏት በፊት ባለሙያ ጥሩና አስመርምሯት።