ዓሣ በውኃ ብቻ አይኖርም

የሌማት ትሩፋት ከተጀመረበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ስለ ዓሣ እርባታ የምንሰማው ዜና አንድ ዓይነት ነው፤ ይህን ያህል ኩሬ ተቆፈረ፣ ይህን ያህል ጫጩት ተለቀቀ። ጫጩቶቹ ምን በሉ? እሱን የሚናገር የለም። እኔ በምኖርበት ጎሮ መኖ ሻጮች ጋ ጎራ በሉ፤ የዶሮና የከብት በየዓይነቱ አለ፣ የዓሣ ስትሏቸው ይስቃሉ።

ይህ ጥያቄ ረጅም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ትራውት የሚባለውን ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች ጥሬ ጉበት ነበር የሚያበሉት። ውድ ነው፣ ቶሎም ይበላሻል። ማኬይና ዲሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1927 ደረቅ መኖ ብቻ የበሉት ትራውቶች ሲሞቱ፣ ጥሬ ጉበት የተጨመረላቸው ግን ሲተርፉ አዩ። ጉበቱ ውስጥ ያለውን ነገር ስላላወቁት ‹‹ፋክተር ኤች›› አሉት። ነገሩ የጠራው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። ጆን ሃልቨር በ1950ዎቹ ለሳልሞን ከተጣሩ ንጥረ ነገሮች ብቻ መኖ ቀመመ፤ ከዚያ አንድ ቫይታሚን ወይም አንድ አሚኖ አሲድ እያጎደለ ዓሦቹ የሚሆኑትን ተከታተለ። አሥር አሚኖ አሲዶች የግድ ከመኖው መምጣት እንዳለባቸው የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ቫይታሚን ሲ የጎደለው ዓሣ ደግሞ አከርካሪው ይጎብጣል።

እኛ ጋ ታሪኩ በሌላ መንገድ ሄደ፤ ሐይቅ አለና። ቆሮሶ ጫሞና ዝዋይ ላይ ማንም ሳይቀልበው አልጌ እየበላ ይኖራል፤ የጨጓራው አሲድ ኃይለኛ ስለሆነ ብዙ ዓሣ የማይፈጨውን ይፈጫል። ስለዚህ ከሰበታው የምርምር ማዕከል ጫጩት ወስዶ ግድብ ላይ መልቀቅ ለዓመታት የዓሣ ልማት ሁሉ መሰለን። ሰፊ ውኃ ላይ አይከፋም።

የጓሮ ኩሬ ግን ሐይቅ አይደለም። ዓሣ በታጨቀበት ኩሬ አልጌው አይበቃም፤ ቆሮሶ ከመኖው ከ25 እስከ 35 በመቶ ፕሮቲን ይፈልጋል፣ አምባዛ ከዚያም በላይ። ፉርሽካ 20 በመቶ እንኳ አይሞላም። የኑግ ፋጉሎ ይሻላል፣ ግን ገለባው ይበዛል፣ ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድም ያንሰዋል፤ በዚያ ላይ የወተት ላሟም ትፈልገዋለች። ገበሬው ብዙውን ጊዜ ያለውን ፉርሽካ ይበትንና ከወራት በኋላ መዳፍ የማይሞላ ዓሣ ያወጣል። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ጫጩት የሰጠው አካል መኖ አልሰጠውም።

የሚያናድደው፣ የጎደለው ላይሲንና ፎስፈረስ እጃችን ላይ መሆኑ ነው። ሐይቅ ዳር ሥጋው ተገፎ ከተወሰደ በኋላ ጭንቅላቱና አጥንቱ ይጣላል። ደርቆ ቢፈጭ የዓሣ ዱቄት ይሆናል፤ ዛሬ ግን አብዛኛውን የሚበላው አባ ኮዳ ነው።