ኤሲ መጀመሪያ የተሠራው ለሰው አልነበረም

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ክፍል ውስጥ ያልደረስንባት አንዲት ታሪክ አለችና እነሆ። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

1902፣ ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን። አንድ ማተሚያ ቤት በአየሩ እርጥበት ተቸግሯል። ወረቀቱ ያብጣል፣ ይሸበሸባል፤ በየተራ የሚታተሙት ቀለማት አልገጥም አሉ። የ25 ዓመቱ ኢንጂነር ዊሊስ ካሪየር መላ ዘየደ፦ አየሩን በቀዝቃዛ ቱቦዎች ላይ እያሳለፉ እርጥበቱን ማውጣት። ልብ በሉ፣ የታሰበው ለወረቀቱ ነው። ሠራተኛው ከቀዘቀዘለት እግረ መንገዱን ነው!

ታዲያ ደንበኛው ጋ ለመድረስ ለምን 20 ዓመት ፈጀ? አንዱ እንቅፋት አሞኒያ ነው። ትልልቆቹ ማቀዝቀዣዎች በብዛት የሚሠሩት በሱ ነበር፤ ካፈተለከ ደግሞ መርዝ ነው። ሕዝብ የታጨቀበት ቤት ሥር ማን ደፍሮ ያስቀምጠዋል? ካሪየር በ1922 መርዛማነቱ በቀነሰ ፈሳሽ የሚሠራ ማሽን ይዞ መጣ።

በ1924 ዲትሮይት ያለው የሃድሰን መደብር ሦስቱን ተከለ። ምድር ቤቱ ውስጥ ቅናሽ ሲኖር ገበያተኛው ይጋፋል፣ በሙቀት ራሱን ስቶ የሚወድቅም ነበር። ገበያው በደራ ቁጥር ቤቱ ይግላል፤ ሰው ቁጭ ብሎ እንኳ ወደ 100 ዋት ሙቀት ይለቃል። መቶ ደንበኛ ገባ ማለት ሦስት የኤሌክትሪክ ምጣድ አብሮ ተጣደ እንደማለት ነው። (ሱቅ አስፍታችሁ ኤሲ የምትጨምሩ ልጆቼ፣ ክፍሉን ብቻ ሳይሆን ሰዉንም ቁጠሩ።) ቆይቶ የላይኞቹ ፎቆችም ተከተሉ።

በ1925 ተራው የኒውዮርኩ ሪቮሊ ሲኒማ ሆነ። ተመልካቹ እንደለመደው ማራገቢያውን ይዞ ገባ፤ አዳራሹ እየቀዘቀዘ ሲሄድ አንድ በአንድ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።