የአከራዩ ገንዘብ ከየት መጣ? ከካዛንቺስ እስከ መሪ

ስለ ቤት ኪራይ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ በሁለት ሰዎች መካከል ይቀራል፤ በአከራይና በተከራይ። አከራዩ ስግብግብ፣ ተከራዩ ምስኪን ተብሎ ይደመደማል። ሦስተኛውን ባለ ጉዳይ ግን የሚያነሣው የለም። እርሱም ለቤቱ መሥሪያ የሚሆነውን ገንዘብ ያበደረው፣ ወይም ሳያበድር የቀረው ነው። እኔ እንደማምነው የአዲስ አበባ የኪራይ ቤት ታሪክ ያለዚህ ሦስተኛ ሰው ሊገባን አይችልም። ዛሬ ከመገናኛ ወደ አያት በሚወስደው መንገድ ላይ፣ መሪ አካባቢ፣ ቤት ገዝቶ ወይም ሠርቶ ለማከራየት የሚያስብ ሰው ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ጉዳይ ይወርሳል። የሚወርሰውን አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

መሬት የነበረው አከራይ

ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ግርጌ ስትቆረቆር መሬቱ ለመኳንንቱና ለጦር አለቆች ሠፈር በሠፈር ታደለ። እ.ኤ.አ. በ1907 ዐፄ ምኒልክ ባወጡት ደንብ ደግሞ የከተማ ቦታ በግል የሚያዝና የሚሸጥ ሀብት ሆነ። የአቢሲኒያ ባንክ ሥራውን የጀመረው ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1906 ነበር። መያዣ የሚሆን መሬትና ገንዘብ የሚያበድር ባንክ በአንድ ዘመን ተወለዱ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ባንኩ ዓይኑ በንግድ ላይ ነበር፤ ተራው ሰው ተበድሮ ቤት የሚሠራበት ዘመን አልመጣም።

በወረራው ዘመን ጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው መኖሪያ ቤቶችን ሠሩ። ቤቶቹን የሚያስተዳድረው ተቋም በምህጻረ ቃል «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ ቤቶቹም «ካዛ ኢንቺስ»። ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። ከከተማችን ታዋቂ ሠፈሮች አንዱ ስሙን ያገኘው ከአንድ የቤት አስተዳደር መሥሪያ ቤት መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ያ ሠፈር በ2017 ዓ.ም. በአብዛኛው ሲፈርስ የስሙ ታሪክም አብሮ እንዳይረሳ እሰጋለሁ።

ከነፃነት በኋላ፣ በተለይም የአፍሪካ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ1961 ከተመረቀና የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1963 ከተመሠረተ ወዲህ፣ ዲፕሎማቶችና የውጭ ድርጅቶች ቤት ፈላጊ ሆኑ። ቪላ ሠርቶ ለውጭ ሰው ማከራየት የባለ መሬቱ መደብ ጥሩ ገቢ ሆነ። ለቤት መሥሪያ የሚያበድሩ ተቋማትም በዚያ ዘመን ብቅ አሉ። ነገር ግን ብድር መያዣ ይጠይቃል፤ መያዣው ደግሞ መሬት ነው፤ መሬቱም በጥቂቶች እጅ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው አከራይ የተነሣው ከውርስና ከስጦታ መሬት ነበር ብል የተጋነነ አይሆንም።

መንግሥት አከራይ ሲሆን

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ይህን ሥርዓት በአንድ ቀን ገለበጠው። የከተማ ቦታና «ትርፍ ቤት» የመንግሥት ሆኑ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተፈቀደለት። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ዝቅተኛ ኪራይ ይከፍል ለነበረው ሕዝብ ኪራዩ ተቀነሰ፤ ቅናሹም እስከ ግማሽ ይደርስ ነበር።

የአዋጁን ፍትሐዊ ገጽታ መካድ አይቻልም። በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ድሃ ከባለ ርስቱ ፊት ቆሞ ከመለመን ድኗል። ሆኖም ሁለት ነገሮች አብረው ሞቱ። አንደኛው ጥገና ነው፤ ለዐሥርት ዓመታት ባልተነካ ጥቂት ብር ኪራይ ጣራ አይቀየርም፣ ግድግዳ አይለሰንም። ሁለተኛው የአከራይነት ፍላጎት ነው፤ «ትርፍ ቤት» የሚለው ቃል ራሱ የሚያስደነግጥ ሆነ። ከአዋጁ በኋላ የተቋቋመው የቤቶችና ቁጠባ ባንክ አንድ ሰው ለራሱ መኖሪያ እንዲሠራ ያበድር ነበር፤ ለማከራየት የሚሠራ ሰው ግን በሕግ አልነበረም። ይህ ባንክ በኋላ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተብሎ፣ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ። በቤት ብድር ላይ የቆየ ልምድ የነበረው የመንግሥት ባንክ እንዲህ ከስም ጠፋ።

ሳያስበው አከራይ የሆነው

የደርግን መውደቅ ተከትሎ ቤት ማከራየት ዳግመኛ ሕጋዊ የኑሮ መንገድ ሆነ። መሬት ግን የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ ቀረ፤ በ1986 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ መጣ፤ የ1987ቱም ሕገ መንግሥት መሬት እንደማይሸጥ ደነገገ። ከተማይቱ ወደ ምሥራቅ ስትሰፋ የገበሬ ማሳ የነበሩት መሪና አያት በማኅበራት ቤቶችና በሪል እስቴት ተሞሉ። በ2008 ዓ.ም. የቀላል ባቡሩ መስመር ሲከፈት መሪ በስሙ ፌርማታ አገኘ።

በዚህ መካከል በ1996 ዓ.ም. የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ተጀመረ። በጥቂት ቅድሚያ ክፍያ ቀሪውን ከንግድ ባንክ በረጅም ጊዜ ብድር የሚከፍል ባለቤት ተፈጠረ። የተጠበቀው ግን አልሆነም፤ ብዙው ዕድለኛ ቤቱን አልገባበትም። ወርኃዊ ዕዳውን ከደመወዙ መክፈል ስላልቻለ ቤቱን አከራይቶ፣ በኪራዩ ባንኩን እየከፈለ፣ እርሱ ርካሽ ቤት ፍለጋ ወደ ዳር ወጣ። ለእኔ በታሪካችን እጅግ የሚገርመው ይህ ነው። በረጅም ጊዜ ብድር የተደገፈ አከራይ በብዛት ያየነው በኮንዶሚኒየም ነው፤ እርሱም አከራይ ለመሆን ያልተመዘገበ፣ በዕጣ የተመረጠ ሰው ነበር።

ከእርሱ ሌላ ያለው የመሪ አከራይ የሚታወቅ ነው። ከፊት ለፊት ቪላው፣ ከኋላ በመደዳ የተደረደሩ ሰርቪስ ክፍሎች። እነዚህን ክፍሎች ባንክ አልሠራቸውም። የሠራቸው ዕቁብ፣ የጡረታ አበልና ከአሜሪካ ወይም ከዐረብ አገር የተላከ ገንዘብ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ ዕቁብ ብዙ ቤት አቁሟል። ግን ዕቁብ አጭር ገንዘብ ነው። በወራት ውስጥ ተከፍሎ የሚያልቅ ዕዳ ቤቱም በወራት ውስጥ እንዲከፍለው ይፈልጋል። የቅድሚያ ክፍያውና የየጊዜው ጭማሪ ምንጭ ስግብግብነት ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው

ባንክስ ቢኖር? ለምሳሌ ያህል፣ ቁጥሩን እኔ ነኝ የመረጥሁት፣ አንድ ሰው 6 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት ገዛ እንበል። 2 ሚሊዮኑን ከኪሱ፣ 4 ሚሊዮኑን በ17 በመቶ ወለድ ተበድሮ። የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ 680 ሺሕ ብር ይሆናል። ቤቱን በወር በ30 ሺሕ ብር ቢያከራየው የዓመቱ ገቢ 360 ሺሕ ነው። ወለዱ የኪራዩን እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ የኪራይ ገቢ ግብሩና ጥገናው ገና አልተነሡም።

ታዲያ ሰው ለምን ይገዛል? ብሩ ዋጋውን ሲያጣ ቤቱ ዋጋውን ስለሚጠብቅለት ነው። እንዲህ ያለው ገዢ የሚያተርፈው ከተከራዩ አይደለም፤ ከጊዜ ነው። ቤቱ ባዶ ቢቆምም ግድ አይሰጠውም። ከተማይቱ ቤት አጥታ ስታለቅስ በሮቻቸው የተዘጉ ቤቶች የምናየው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 አከራዩን ትዕግሥት ያዘዋል። ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጭማሪው በዓመት አንዴ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው ልክ እንዲሆን ደንግጓል። ለተከራዩ የሚገባው ጥበቃ ነው፤ እደግፈዋለሁ። ጥያቄዬ ሌላ ነው። አከራዩ እንዲታገሥ ያዘዘው መንግሥት፣ የሚታገሥ ገንዘብስ አዘጋጅቷል ወይ? በ2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ጎሕ ቤቶች ባንክ በጎ ጅምር ነው፤ ግን ለአምስት ሚሊዮን ሕዝብ ከተማ አንድ ባንክ ምን ያህል ይበቃል? የጡረታ መዋጮን የመሰለ ለዐሥርት ዓመታት የሚቀመጥ ገንዘብ ባለበት አገር፣ ከዚያ ከፊሉ ለኪራይ የሚሠሩ ቤቶችን በረጅም ጊዜ ብድር ቢደግፍ ሁለቱም ወገን በተጠቀመ ነበር።

ዛሬ በመሪ ለመጀመር ለሚያስብ አንባቢ የምለው አጭር ነው። በአጭር ጊዜ ዕዳ የረጅም ጊዜ ንብረት አትግዛ። ቀብድ ከመክፈልህ በፊት ካርታው ላይ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን፣ የሊዝ ቀሪ ክፍያ ስንት እንደሆነ መዝገብ ቤት ገብተህ አረጋግጥ። በውክልና የሚሸጥ ኮንዶሚኒየም ከሆነ፣ እንዳይሸጥ የታገደበት አምስት ዓመት መሙላቱን እይ። ገቢህን ስታሰላ በዐዋጁ የታሰረውን ጭማሪና ግብሩን አስገባ፤ ከዚያም በኋላ ሒሳቡ ከቆመ ግባበት። በባላባቱ ዘመን መሬት፣ በደርግ ዘመን አዋጅ፣ በእኛ ዘመን ዕጣ አከራይ አድርጓል። ሒሳብ አከራይ የሚያደርግበት ዘመን እስኪመጣ ድረስ፣ የኪራዩ ንረት በቁጥጥር ብቻ ይበርዳል ብዬ አላምንም።