ለመመረጥ የሚበቃ ቋንቋ

የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሕግ አያወጣም። ሁለት ምክር ቤት ባላቸው አገሮች አንዱ ያረቀቀውን ሌላው ሲያጸድቅ ወይም ሲመልስ ማየት የለመደ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል። የእኛው ቤት ዋና ሥራ ሌላ ነው። ሕገ መንግሥት ይተረጉማል፣ የማንነት ጥያቄ ይሰማል፣ በክልሎች መካከል የሚነሳ የወሰን ክርክር ያያል፣ የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር ይወስናል። ከአንድ ቀን ውሎው የሚወጣው ነገር ብዙውን ጊዜ ጥቂት ገጽ ነው። በመጋቢት 1995 ዓ.ም. የወጣው ውሳኔም እንደዚሁ ረጅም አልነበረም፤ ባምባሲ ላደግነው ግን ከዚያ የሚበልጥብን ጉዳይ ከዚያ ቤት አልወጣም። የሕግ ሰዎች «የቤንሻንጉል ጉሙዝ ጉዳይ» ይሉታል።

ባምባሲን ለማያውቅ ጥቂት ልበል። በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ ከአሶሳ ወደ መንዲ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የወረዳ ከተማ ናት። በወረዳው ማኦ አለ፣ በርታ አለ፣ ኦሮሞ አለ፣ አማራ አለ። ገበያ ቀን ማንጎ ደርድራ የምትሸጥ ሴት ከበርታዋ ደንበኛዋ ጋር በበርታ ቋንቋ፣ በሩጣንኛ፣ ሰላምታ ትለዋወጣለች፤ ዋጋ ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ወደ አማርኛ ይገባሉ፤ ወዲያው ዞር ብላ ልጇን የምትቆጣው በኦሮምኛ ነው። ቤተሰቤ ከወሎ የመጣው በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ፣ በመንግሥት ሠፈራ ነው። አባቴ የመጀመሪያውን አጥር ያጠረው የበርታ ጎረቤታችን ባስተማረው የቀርከሃ አሰነጣጠቅ ነበር። ቀርከሃው ከላይ በገጀራ ይከፈታል፣ ከዚያ በእጅና በእግር ይለቀቃል፣ ስንጥሩ በተተከሉት ምሰሶዎች መካከል አንዱ ከውስጥ አንዱ ከውጭ እየሆነ ይጠላለፋል። አባቴ ሩጣንኛ አያውቅም፣ ጎረቤታችንም ያን ጊዜ አማርኛው ጥቂት ነበር፤ አጥሩ ግን ለዓመታት ቆመ።

እንግዲህ በዚህች ወረዳ ተወልዶ ወይም አድጎ፣ ጎረቤቶቹ ይወክለናል ብለው የሚያምኑት ሰው ለምርጫ መወዳደር ይችላል ወይ? ጥያቄው ይህ ነበር።

በዚህ አገር ለመመረጥ የሚያበቃው ምንድን ነው የሚለው ነገር ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሲወጣ ሁለት ምክር ቤት ተቋቋመ፤ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ። የመወሰኛው፣ ማለትም የላይኛው ቤት፣ አባላት በንጉሠ ነገሥቱ ከመኳንንቱና ከሹማምንቱ የሚሾሙ ነበሩ። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የመምሪያውን ቤት አባላት ሕዝብ እንዲመርጥ ሲፈቅድ፣ ተመራጩ በሚወዳደርበት ወረዳ ነዋሪና ንብረት ያለው እንዲሆን ጠየቀ። መወሰኛው ግን በሹመት ቀረ፤ ዘመኑ ስድስት ዓመት ተባለ፣ ቁጥሩም ከመምሪያው ግማሽ እንዳይበልጥ ተወሰነ። አሶሳ ያን ጊዜ በወለጋ ጠቅላይ ግዛት ሥር አውራጃ ነበረች። ከበርታ ወይም ከማኦ ገበሬዎች መካከል ለዚያ የንብረት መስፈርት የሚበቃ ስንት ይገኝ እንደነበር መገመት አያዳግትም። ደርግ ሁለቱንም ቤቶች በመስከረም 1967 ዘጋ። ኋላ በ1979 ያቋቋመው ሸንጎ አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ በዚያው ጊዜ አሶሳ ራሷን የቻለች የአስተዳደር አካባቢ ሆነች።

የአሁኑ ሕገ መንግሥት በ1987 ሥራ ላይ ሲውል የላይኛው ቤት መልኩ ጨርሶ ተለወጠ። እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ አባል ይኖረዋል፤ ከዚያ በላይ ለተጨማሪ አንድ ሚሊዮን ሰው አንድ ይጨመርለታል። በ1999ኙ ቆጠራ ከ10 ሺህ ያልበለጡት ኮሞዎች አንድ ወንበር አላቸው። ማኦም አለው። ይህን እንደ ቀላል ነገር የሚያይ ሰው የዚህን አካባቢ ታሪክ አላነበበም ማለት ነው። ማኦና ኮሞ ባሪያ ፈንጋይ ሲያሳድዳቸው የኖሩ ሕዝቦች ናቸው። የልጅ ልጆቻቸው የአገሪቱን ሕገ መንግሥት በሚተረጉም ቤት መቀመጣቸውን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ።

ወደ ጥያቄው ልመለስ፤ ነገሩ የተነሳው በ1992 ነው። ያን ጊዜ የሚሠራበት የምርጫ ሕግ አዋጅ ቁጥር 111/1987 ነበር። አዋጁ በአንቀጽ 38 የዕጩን መስፈርት ሲዘረዝር፣ ዕጩው የሚወዳደርበትን ክልል ወይም አካባቢ ቋንቋ ማወቅ እንዳለበት አስቀምጧል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ደግሞ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በቋንቋም ሆነ በብሔር ልዩነት ሳይደረግበት የመምረጥና የመመረጥ መብት እንዳለው ይናገራል። በ1992ቱ ምርጫ በክልላችን የተመዘገቡ ዕጩዎች የአካባቢውን ብሔረሰብ ቋንቋ አያውቁም የሚል አቤቱታ ቀረበባቸው። የምርጫ ቦርድ አቤቱታውን ተቀብሎ ከውድድር አገዳቸው። አማርኛ መቻላቸው አልበቃቸውም። የታገዱት ወገኖች ጉዳዩን ሕገ መንግሥታዊ ነው ብለው ወደ ላይ ወሰዱት።

የዚያ ወገን ልጅ ስለሆንኩ የሌላውን ወገን ሥጋት ላሳንሰው አልፈልግም። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦ፣ ኮሞ፣ አምስቱም ለብዙ ዘመን የተዳኙት በማያውቁት ቋንቋ ነው። ዳኛው ሌላ፣ ግብር ሰብሳቢው ሌላ፣ አስተማሪው ሌላ። በዚያ ላይ በ1977 እና በ1978 በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በመንግሥት ትእዛዝ መጥቶ ሠፈረ፤ ብዙዎቹ መንደሮች እስከ ዛሬ የሚጠሩት በቁጥር ነው። መሬቱን ትሰጣለህ ወይ ተብሎ ባለአገሩ አልተጠየቀም። በ1999 ሲቆጠር ከክልሉ ሕዝብ ከመቶ 21 ያህሉ አማራ፣ 13 ያህሉ ኦሮሞ ሆኖ ተገኘ፤ በርታ ከመቶ 26 ገደማ ነበር። ገና ትናንት የራሱን ምክር ቤት ያገኘ ሕዝብ፣ በቁጥር ተበልጦ ምክር ቤቱን መልሶ እንዳያጣ ቢፈራ አያስወቅሰውም። ቋንቋን እንደ አጥር መጠቀሙ የመጣው ከዚህ ፍርሃት ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገር ግን ያ አጥር ሲታጠር ከውጭ የቀረው በርታ ምድር ላይ የተወለደ ልጅም ነው። ወላጆቹ ወደዚህ የመጡት መርጠው አይደለም፤ ረሃብና መንግሥት አምጥተዋቸው ነው። ልጁ ሌላ አገር የለውም። ወሎ ሄዶ እንዳይወዳደር ወሎ አያውቀውም፤ እዚህ እንዳይወዳደር ቋንቋህ አይደለም ተባለ።

አቤቱታው መጀመሪያ የሚደርሰው ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው። ጉባኤው 11 አባላት አሉት፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትላቸው፣ ስድስት የሕግ ባለሙያዎች፣ ሦስት ደግሞ ከፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላት የሚወከሉ። ጉባኤው መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ የመጨረሻውን ቃል አይናገርም። በዚህ ጉዳይ የአብላጫው አስተያየት የምርጫ አዋጁ የቋንቋ ድንጋጌ ራሱ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል የሚል ነበር። በእኔ እምነት ትክክለኛው መንገድ ይህ ነበር።

ከዚያ ጉዳዩ ወደ ምክር ቤቱ ገባ። በዚያ ቤት ስብሰባ የሚጸናው ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው ሲገኝ ነው፤ ውሳኔ የሚያልፈው በተገኙትና ድምፅ በሰጡት አብላጫ ነው፤ በአካል ያልተገኘ ድምፅ አይሰጥም። አፈ ጉባኤው በኋላ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የሆኑት ዶክተር ሙላቱ ተሾመ ነበሩ። አንድ ነገር ልብ እንዲባልልኝ እወዳለሁ። የዚህ ቤት አባላት በአብዛኛው የሚላኩት በክልል ምክር ቤቶች ተመርጠው ነው። ከክልላችን የሚሄዱትን የሚመርጣቸው የክልላችን ምክር ቤት ነው። ስለዚህ በክልሉ ከምርጫ የታገዱ ሰዎች አቤት ያሉት፣ እነሱ በሌሉበት የተመሠረተው ምክር ቤት የላካቸው አባላትም ዳኛ ሆነው ወደሚቀመጡበት ቤት ነው። ፍርድ ቤት ቢሆን ኖሮ ዳኛ ይነሳልኝ የሚባልበት ነገር ነበር። እዚህ ግን ቤቱ የተሠራው እንዲሁ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በዚያ አዳራሽ ከሰባ የሚበልጡ ብሔረሰቦች ተወካዮች ይቀመጣሉ፤ የሚከራከሩት ግን በአማርኛ ነው፤ የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ቋንቋ እሱ ስለሆነ። የኮሞው ተወካይ ስለ ኮሞ የሚናገረው በአማርኛ ነው፣ የሲዳማው ስለ ሲዳማ በአማርኛ ነው። ሕዝብን ለመወከል የሕዝቡን ቋንቋ መናገር ብቻ ሳይሆን በምክር ቤቱ ቋንቋ መከራከርም እንደሚያስፈልግ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ውሳኔያቸውም ያረፈው እዚያው ላይ ነው። ምክር ቤቱ የአጣሪ ጉባኤውን የአብላጫ አስተያየት አልተቀበለም። የአዋጁ ድንጋጌ አልተሻረም፤ ዕጩ ቋንቋ እንዲያውቅ መጠየቅ በራሱ መድልዎ አይደለም፣ በምክር ቤት ሕግ አንብቦ የሚከራከር ሰው የምክር ቤቱን ቋንቋ ማወቅ አለበት ተባለ። መታወቅ ያለበት ቋንቋ ግን የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው። የቤንሻንጉል ጉሙዝ የሥራ ቋንቋ ደግሞ አማርኛ ነው። ስለዚህ አማርኛ የሚያውቁትን ዕጩዎች የብሔረሰብ ቋንቋ አታውቁም ብሎ ማገዱ ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው፤ የቦርዱ ውሳኔ ተሻረ።

እኔ ይህን ያነበብኩት ምክር ቤቱ በ2000 ዓ.ም. ማሳተም በጀመረው የሕገ መንግሥታዊ ፍርዶች መጽሔት ላይ ነው። ደስታዬ ትልቅ ነበር። ከደስታው ቀጥሎ የመጣብኝ ቀኑን ማየት ነው። ምርጫው የተካሄደው በግንቦት 1992 ነው። ውሳኔው በመጋቢት 1995። ሦስት ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ብቻ ቀርቶት ነበር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 83 ላይ ምክር ቤቱ ከአጣሪ ጉባኤው የደረሰውን ጉዳይ በ30 ቀን ውስጥ እንዲወስን ያዛል፤ ከዚያ በፊት ጉባኤው ዘንድ ለሚቆይበት ጊዜ ግን ገደብ አላስቀመጠም። የሁለቱ ተቋማት ዝርዝር አሠራር ይመራባቸው የነበሩት አዋጆች፣ 250 እና 251፣ ራሳቸው የወጡት በ1993 ነው፤ አቤቱታው ከቀረበ በኋላ ማለት ነው። ምክንያቱ ይህም ይሁን ሌላ፣ የታገዱት ዕጩዎች ያጡትን ምርጫ አላገኙትም። ወንበሮቹ ተይዘዋል፣ የአምስት ዓመቱ ዘመን ከግማሽ አልፏል። ዳግመኛ የተወዳደረ ካለ የተወዳደረው በ1997 ነው። መብትህ ነበር ተብሎ ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚነገረው ሰው ምን እንደሚሰማው ለማወቅ ዕጩ መሆን አያስፈልግም።

በዚያው በ1995 ክልሉ ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ ነበር። የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አምስቱን ብሔረሰቦች የክልሉ ባለቤቶች ብሎ በስም ይጠራል፤ ሌሎቻችንም በክልሉ ነዋሪ መሆናችንን ያውቃል። ባለቤትና ነዋሪ፣ እንግዲህ በአንድ ገበያ እንገበያያለን። የአዲስ አበባው ውሳኔ ይህን ክፍፍል አልነካውም፤ እንዲነካም አልተጠየቀም።

ውሳኔው ግን ፍሬ አፍርቷል። አዋጅ 111ን ተክቶ በ1999 የወጣው የምርጫ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 532/1999፣ የዕጩን መስፈርት ሲዘረዝር ዕጩው የክልሉን ወይም የአካባቢውን የሥራ ቋንቋ እንዲያውቅ ይጠይቅ ነበር። «የሥራ» የምትለዋ ቃል አዋጁ ውስጥ ስትገባ የእኛ ክልል ሰዎች አቤቱታ ጀርባዋ አለ።

የሚያሳስበኝ ይህ መብት የተደገፈበት ምሰሶ ነው። አጣሪ ጉባኤው ባሰበው መንገድ ቢሄድ ኖሮ፣ የባምባሲ ሰው የሚመረጠው ዜጋ ስለሆነ ይሆን ነበር። ምክር ቤቱ ባሰበው መንገድ ግን የሚመረጠው ክልሉ አማርኛን የሥራ ቋንቋ ስላደረገ ነው። የሥራ ቋንቋቸውን በሕግ የመወሰን ሥልጣን የክልሎች ነው፤ አንድ ቀን ሩጣንኛ ወይም ጉሙዝኛ ቢመረጥ ማንም ሊከለክል አይገባም። የበርታ ልጆች በራሳቸው ቋንቋ ትምህርት ሲጀምሩ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። ያ ቀን ሲመጣ ግን የሠፋሪ ልጆች ቋንቋውን የሚማሩበት ክፍልና አስተማሪ፣ የሚዘጋጁበትም በቂ ዓመት ከሕጉ ጋር አብሮ ሊታወጅ ይገባል። ካልሆነ ያው አቤቱታ እንደገና ተጽፎ ያንኑ መንገድ ይሄዳል፤ አጣሪ ጉባኤው ዘንድ የሚጠብቅበት ጊዜም ዛሬ ድረስ በሕገ መንግሥቱ ወሰን አልተበጀለትም።